ዌንደል የማይተኛበት ድንኳን

አዲሱ የቤት የለሾች ሕግ የወጣ ሰሞን አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ ከፍሳሽ ማጣሪያው ጀርባ ያለውን ሜዳ በእጁ አሳየንና «ይህ የእናንተ ነው» አለን። አጨበጨብን። ምን እናድርግ? ሰውዬው ዶናት ይዞ ነበር የመጣው፤ ዶናት ይዞ ለመጣ ሰው ይጨበጨባል።

ሜዳው ላይ በነጭ ቀለም ካሬ ካሬ አስምረውበታል። በየካሬው አንድ ድንኳን፣ በየድንኳኑ አንድ ስም። ዙሪያው የሽቦ አጥር ነው፤ አንድ በር አለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ። ድሮ ድልድዩ ስር ስንተኛ ፖሊስ እየመጣ በእርግጫ ያነሣን ነበር፤ አሁን ደግሞ ሽታው አፍንጫ በሚነቅል ሜዳ ላይ በሕግ አስተኙን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። ቢሆንም አልዋሽም፣ ጫማዬን አውልቄ መተኛት የጀመርኩት እዚያ ነው። ድልድዩ ስር ጫማውን አውልቆ የተኛ ሰው ጠዋት በካልሲ ነው የሚሄደው።

የሕጉ ጉድ ግን ሌላ ነው። እዚህ ኦሪገን ውስጥ ደጅ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ከአባታችን ሆይ አስበልጦ ያውቀዋል። ሜዳው ላይ ባዶ ቦታ ካለ፣ ሌላ ቦታ ተኝቶ የተገኘ ሰው ይታሰራል። ባዶ ቦታ ከሌለ ግን አይታሰርም፤ «ሂድ» የሚሉበት የላቸውማ። ስለዚህ ሜዳው ሞልቶ እስከታየ ድረስ ወንዝ ዳር የቀሩት ወዳጆቻችን በሰላም ያድራሉ። አንዲት ካሬ ክፍት ሆና ከተገኘች በነጋታው ፖሊስ ወንዝ ዳር ይወርዳል።

ለምን ወንዝ ዳር ቀሩ ትሉ ይሆናል። የጎረቤቴ የኦፓል ባል ክሊፍ፣ ውሻህ ትልቅ ነው ተብሎ በሩ ላይ ተመለሰ። «ወይ ውሻው ይቅር ወይ አንተ ቅር» ሲሉት «እንግዲያው ሁለታችንም እንቅር» ብሎ ሄደ። ኦፓል ወገቧን ስለሚያማት እሷ ገባች። ሌሎቹም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የእኔ ወንድም ዌንደል ደግሞ አጥር አይችልም።

ዌንደል የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። ደጅ በማደሩ ቀጡት፤ ቅጣቱን መክፈል ሲያቅተው አንድ ክረምት አሰሩት። እስር ቤት ውስጥ ምን እንዳደረጉት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ከወጣ ወዲህ ግን ከኋላው በር ሲዘጋ ከሰማ ላብ ያጠምቀዋል። ሜዳው የተከፈተ ቀን እጁን ይዤ አምጥቼ አስመዘገብኩት፤ ከእኔ ጎን ያለው ካሬ ደረሰው፣ ድንኳኑን አብረን ተከልን። ሲመሽ በሩን በሰንሰለት ሲቆልፉት ግን ብድግ አለ። «ሎርና፣ እህቴ፣ ክፈቱለት በያቸው» ነው ያለኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። ከፈቱለት። በዚያው ወንዝ ዳር ወረደ፤ ድንኳኑ ብቻውን ቀረ።

ታዲያ እኛ ደጅ አዳሪዎች አንድ ልማድ አለን። ድንኳን እንጠብቃለን። ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ቢገባ፣ ቢታሰር፣ ጠፍቶ ቢሰነብት፣ ድንኳኑ ባዶ ነው አንልም። ባዶ ነው ከተባለ ወይ ይዘረፋል፣ ወይ የከተማው መኪና ጭኖ ቆሻሻ ውስጥ ይደፋዋል። ስለዚህ ጫማ ደጃፉ ላይ እናኖራለን፣ ፎጣ እናሰጣለን፣ ሬዲዮ ዝቅ አድርገን እንከፍታለን። ማንም መጥቶ ቢጠይቅ መልሳችን አንድ ነው፤ «ተኝቷል»። ለፖሊሱም ተኝቷል፣ ለአበዳሪውም ተኝቷል፣ ለፈታት ሚስቱም፣ ወንጌል ይዞ ለመጣው ሰባኪም ተኝቷል። ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠየቀ አንመረምርም፤ መመርመር ከጀመርክ ትሳሳታለህ። አጥሩ ውስጥ ስንገባ ይህን ልማድ ይዘነው ገባን። አምስት ድንኳኖች ሰው ሳይኖርባቸው እንዲሁ ያንቀላፉ ነበር፤ አንዱ የዌንደል ነው። እኔ ነኝ ያስጀመርኩት። ኦፓልንም፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረውን ጋርዝንም «ሜዳው መሙላት አለበት» ብዬ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ፤ ዌንደል ዳግመኛ ከሚታሰር ዓለም ሁሉ ውሸታም ይበለኝ ብዬ።

ዘበኛው ኦሪን ይባላል። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የመጣ አዲስ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር። ጥሩ ሰው ነው፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ባዶ ነው የሚል ጥቆማ ካልደረሰው በቀር የማንንም ድንኳን ዚፕ መክፈት አይፈቀድለትም። ጠዋት ጠዋት በየደጃፉ እየቆመ ይጣራል፤ የሚመልስለት ካጣ ያን ድንኳን ባዶ ነው ብሎ ያስነሣዋል።

«ዌንደል ስትራውድ» ይላል።

«ተኝቷል» ትላለች ኦፓል ከማዶ።

«ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ ተኝቶ ነው እንዴ?»

«ሌሊት ነዋ የሚሠራው።»

«ምንድን ነው የሚሠራው?»

«አንተ ሰውዬ ጥያቄ ታበዛለህ። ከቆንጆ ሴት ጋር ማውራት ከፈለግህ ደፈር ብለህ ንገረኝ፣ በዌንደል አታሳብ።»

ኦፓል ስድሳ አልፏታል፣ የፊት ጥርስ የላትም። ኦሪን ይስቅና ያልፋል። ጋርዝ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ አንዳንዴ ለዌንደል ያንኮራፋለታል። እንዲህ እየሳቅን ነው ያን ሁሉ ጊዜ የገፋነው።

ብርዱ ሲጀምር ዌንደል ማሳል ጀመረ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጡንን ሾርባ በፔርሙስ ይዤለት እወርዳለሁ።

«መንግሥት ባሰመረልሽ መስመር ውስጥ ነው አሉ የምትተኚው» አለኝ አንድ ቀን። «መኪና መሰልሻቸው እንዴ?»

«መኪናማ ብሆን ጋራዥ ይኖረኝ ነበር።»

«ድንኳኔ እንዴት ነው?»

«ካንተ ይሻላል። አያስልም።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና አልቆም አለው። የሚተኛበት ሸራ ዳር ዳሩ ርሷል። ብርድ ልብሱን ብጨምቀው ውኃ ይወጣዋል። ንዴቴ መጣ።

«ስማ አንተ፣ የእማዬን ልጅ ከጭቃ ውስጥ አልለቅምም። ዛሬ ትመጣለህ።»

«ዛሬ አይሆንም።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚሆነው? ሳንባህ ሲወጣ?»

«በረዶ ሲመጣ» አለ ወንዙን እያየ። «በረዶ ከጣለ እመጣለሁ። ብቻ እዚያ ከገባሁ አጠገቤ ሁኚ።»

«ዚፕህን ክፍት አድርገህ ትተኛለህ፣ እኔም የእኔን ክፍት አድርጌ እተኛለሁ። ዓይንህን ስትገልጥ እኔን ነው የምታየው።»

«ሥራ ላይ ሆነሽ ብመጣስ?»

«ስምህን ንገራቸው። ዌንደል ስትራውድ ነኝ በል። ቦታው ያንተ ነው፤ ማንም አይከለክልህም።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለና ሾርባውን ጠጣ። በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ወንድሜ ቀጠሮ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር።

በረዶው ሐሙስ ቀን ጣለ። በረዶም አይባልም፤ ዝናብና በረዶ ተደባልቆ ፊት የሚገርፍ፣ መሬት ሲነካ መስተዋት የሚሆን ዓይነት ነው። እኔ አንድ ሞቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ጠዋት በመስኮት ሳየው «እሰይ» አልኩ። አዎ፣ እሰይ ነው ያልኩት። ዛሬ ይመጣል ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ዋልኩ። ሊጣል የነበረ ወፍራም ብርድ ልብስ ለምኜ ወሰድኩ፤ ስመለስ ሱቅ ገብቼ የበሬ ሥጋ ያለበት የታሸገ ባቄላና የሱፍ ካልሲ ገዛሁለት።

ሜዳው በር ላይ ስደርስ ኦሪን ከጎጆው ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል፤ ውለታ የዋለ ሰው ፊት ነበረው።

«ነይማ ሎርና፣ ዛሬ ብትኖሪ ጉድ ታዪ ነበር» አለኝ። «አንድ አጭበርባሪ መጥቶ ያንቺ ወንድም ነኝ አይለኝ መሰለሽ? ዌንደል ስትራውድ ነኝ፣ ቦታ አለኝ፣ እህቴ ናት ያስያዘችልኝ ብሎ ድርቅ።»

የጎጆውን በር ያዝኩ። «አንተስ ምን አልከው?»

«መታወቂያ አለህ ወይ ስለው ጠፍቶብኛል አለ። እንዲያም ሆኖ ዝም ብዬ አላባረርኩትም፤ ሰው እንዳልበድል ብዬ በዚያ በረዶ ውስጥ ሄጄ ጠየቅሁ። ኦፓልን ዌንደል አለ ወይ ብላት ተኝቷል አለችኝ። ጋርዝን ብጠይቀው ተኝቷል፣ ሲያንኮራፋ አትሰማም ወይ አለኝ። ተመልሼ ሰውዬውን ወዳጄ፣ ዌንደል ውስጥ ተኝቷል፣ ሁለት ምስክር አለኝ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ከዚያ እስኪ ስለ እግዜር አንዴ ድገምና ጠይቅልኝ አለኝ። ደግሜ ሄድኩ። ኦፓል እንዲያውም ተቆጣችኝ፣ በሽተኛ አትቀስቅስ ብላ። ስመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እንግዲህ እነሱ ተኝቷል ካሉ ተኝቷል ማለት ነው።› ይህን ብሎ ሄደ። መጥፎ ሰው እንኳ አይመስልም ነበር፤ ክፉኛ ያስለዋል።»

ለኦሪን ምንም አላልኩትም። አፌን ብከፍት አምስቱም ድንኳኖች ይከፈታሉ። ዌንደልም ይህን አውቆ ነው የሄደው። ይዋሻሉ፣ ድንኳኑ ባዶ ነው፣ ግባና ተመልከት ቢለው ኖሮ ኦሪን ይገባ ነበር፤ ወንድሜም ደረቅ አልጋ ላይ ያድር ነበር። አላለም። ክሊፍንና ሌሎቹን አላስበላም። እኔ ብሆን አስበላቸው ነበር፣ እንዲያውም በስም እየጠራሁ።

ኦፓል ድንኳኗ ውስጥ ብቻዋን ካርታ ትጫወታለች።

«ኦሪን ስለ ዌንደል ሲጠይቅሽ ምን አልሽው?» አልኳት።

«ተኝቷል ነዋ። ሁለቴ ተመላለሰብኝ ይኼ ነዝናዛ። የሆነ ምርመራ መጥቶ መሰለኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁለት።»

«በሩ ላይ የነበረው ዌንደል ነው።»

ኦፓል እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ ድንኳኑን አየች፣ እንደገና እኔን አየችኝ። «የቱ ዌንደል?» አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቷል ስትል ከርማ ውስጡ የተኛ ሰው ያለ መስሏት ነበር።

ወንዝ ዳር ስወርድ ክሊፍ ከውሻው ጋር ሸራ ስር ተኮራምቶ አገኘሁት። ዌንደል የት ነው ስለው ደነገጠ። «ጠዋት ወዳንቺ መጣ እኮ። ምድጃውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ሸራውን እዚህ ለሚያድሩት ልጆች ሰጣቸው። ቦታ አለኝ፣ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አለን።» ያለውን ሁሉ አከፋፍሎ ነው የመጣው። ከበር ሲመልሱት ሄዶ ምድጃዬን መልሱልኝ እንዴት ይበል? ያን ዓይነት ሰው አልነበረም። ከክሊፍና ከውሻው ጋር ወንዙን ወዲያና ወዲህ ዳሰስነው፤ ወደ ወንዙ ይመለሳል ብዬ ስላሰብኩ ሌላ ቦታ መፈለግ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ኦሪን እንደ ልማዱ በየደጃፉ ሲጣራ ቆሜ ሰማሁት። «ዌንደል ስትራውድ» አለ። ኦፓል አፏ ለምዶባት «ተኝቷል» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ያን ጊዜ የመንገድ ጠራጊዎቹ አግኝተውታል ለካ። ከሜዳው በር ሁለት መታጠፊያ ዝቅ ብሎ ያለው የአውቶቡስ ማቆሚያ አግዳሚ ላይ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ እንደከተተ፣ ተቀምጦ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ወስደውታል። በሬዲዮ «ማንነቱ ያልታወቀ ቤት የለሽ» ተባለ።

ኦፓልና ጋርዝ ድንኳኔ ደጃፍ ላይ መጥተው ቆሙ። ጋርዝ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያንኮራፋለት የነበረው ሰው ሞቶበታል።

«ሄደሽ ስሙን ከተናገርሽ የት ይኖር ነበር ይሉሻል» አለኝ።

«ይበሉኝ።»

«ሜዳው ላይ ተመዝግቧል። ባዶ መሆኑ ከታወቀ አንዱን አይደለም የሚከፍቱት፣ ሁሉንም ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋርዝ። ሕጉን ለእኔ ታስተምረኛለህ?»

ኦፓል እጄን ያዘችኝ። «ሎርና፣ እቴ፣ ዌንደል ሞቷል። ክሊፍ አልሞተም። ከተማው ይቅበረው። ስሙን እኛ እናውቀዋለን፣ ይበቃዋል።»

«አንቺ አይደለሽም ወይ ያባረርሽው?» አልኳት። ሊጎዳት የሚችለውን ፈልጌ ነው የተናገርኩት።

«እኔ ነኝ» አለች። «እንዲህ በዪ ያልሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነው፤ ይመጣል ብዬ እንኳ ቀድሜ አልነገርኳትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን መንጭቄ ወደ አስከሬን ክፍሉ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ዝም ልበል፣ ክሊፍ ምን አደረገኝ፣ እያልኩ ነው የሄድኩት። ስደርስ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ በገዛ አፉ ስሙን ተናገረ፣ አንተ አይደለህም አሉት። ሞቶም ስም የለውም ሲሉት ቆሜ ልስማ? አልቻልኩም። ከፈለጋችሁ ክፉ ሴት በሉኝ።

ቢሮው ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ተቀበለችኝ። አሳየችኝ። ፊቱ ላይ ምንም ቂም አልነበረም፣ እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

«ያውቋቸዋል?» አለችኝ በትሕትና።

«ዌንደል ስትራውድ ይባላል። ወንድሜ ነው።»

ስሙን ኮምፒዩተሩ ላይ መታች፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «እዚህ ላይ እኮ በከተማው ሜዳ ላይ ድንኳን አላቸው ይላል። ታዲያ ለምን ደጅ አደሩ?»

ዋሽቼ ልወጣ እችል ነበር። የሰከረ መሰለኝ፣ መንገድ ጠፋበት፣ ምናምን። ዌንደል ግን ሰክሮ አያውቅም። «ድንኳኑ ባዶ ነው» አልኳት። «ሰው ተኝቶበት አያውቅም። በር ላይ መጥቶ ነበር፣ ሌላ ሰው ነህ ብለው መለሱት።»

ጽፋ ስትጨርስ «ነፍስ ይማር» አለችኝ።

ሳይመሽ ኦሪን ከሁለት የከተማው ሰዎች ጋር ሆኖ ዚፖቹን ከፈተ። ከዌንደል ድንኳን ጫማና ሬዲዮ አወጣ፣ ሬዲዮው ገና ያወራል። ኦሪን ማጥፊያውን ፈልጎ አጣው። «ጠየቅኋቸው እኮ፣ ሎርና» አለኝ። «ሁለቴ ጠየቅኋቸው።» ጥፋትህ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩትም፤ እሱም ትንሽ ይቃጠል ብዬ።

በማግስቱ ፖሊስ ወንዝ ዳር ወረደ። አምስት ባዶ ቦታ እያለላችሁ ለምን እዚህ ትተኛላችሁ ብለው ሁሉንም ለቃቀሟቸው። ክሊፍ ውሻውን ሊወስዱበት ሲሉ ፖሊሱን ገፈተረው። የምክር ቤቱ ሰውዬ ደግሞ በጋዜጣ ወጥቶ ሕጉ ሠራ አለ።

የዌንደልን አመድ በካርቶን ሳጥን የሰጡኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ስሙን በትልልቅ ፊደል ጽፈውበታል። ይዤው ስመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በሩ ላይ ሾርባ እያደሉ ነበር፤ ኦፓል ከፊቴ ተሰልፋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ድንኳኗን ነቅላ ወዲያኛው ጥግ ሄዳለች። ዞራ ሳጥኑን አየችው።

«ሰጡሽ?» አለችኝ።

«ሰጡኝ።»

«ስሙን በደንብ ጻፉለት?»

«ጻፉለት።»

«ደግ። ክሊፍን ሦስት ወር ፈርደውበታል። ውሻውን ገድለውታል።»

ሾርባዋን ተቀብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሎርናን አላናግራትም ነበር።